ክረምቱን ለልጄ ልስጠው ወይስ ለራሴ?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከቡታጅራ አካባቢ ነው። 5ኛና 6ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ በዲፕሎማ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ዘንድሮ ለክረምት ዲግሪ ስሜ ወጣ። ሐምሌና ነሐሴ ዩኒቨርሲቲ እየገባሁ በአምስት ክረምት እጨርሳለሁ ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንቅልፍ አጣሁ። ትልቁ ልጄ ከ5ኛ ወደ 6ኛ አልፏል፤ ሒሳብ ላይ ግን 43 ነው ያመጣው። የሒሳብ መምህርቷ ልጅ! እዚህ አንድ የግል ትምህርት ቤት የክረምት ትምህርት ከፍቷል፣ በወር 1,500 ብር። የ6ኛን መጽሐፍ ቀድመው ይጨርሱላቸዋል አሉ። ባለቤቴ ሱቅ አለው። አትሂጂ አላለኝም፣ ሂጂም አላለኝም። ታናሿ 4 ዓመቷ ነው፣ እናቴ ትይዝልኛለች። አንዷ ባልደረባዬ ደግሞ ‹ሰመር እኮ ወረቀት ነው፣ ደሞዝ ከማስጨመር ሌላ ምንም የለውም፤ ይልቅ ቁጭ ብለሽ ልጅሽን አስጠኚ› አለችኝ። እውነቷን ይሆን? ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ሂጂ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው ይህን የምልሽ። አሁን ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። የልጅሽንም ነገር አልረሳሁትም፣ እመለስበታለሁ።

እኔም ክረምት ተማሪ ነበርኩ። ዲግሪዬን የያዝኩት እንዲሁ በዝናብ ነው። ስገባ 14 ዓመት አስተምሬ ነበር፤ እና እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም እንደ ባልደረባሽ ወረቀቱን ነበር ያሰብኩት። ሁለተኛው ክረምት ላይ አንድ ጠዋት፣ ወጣት አስተማሪ ነው፣ ከብዙዎቻችን በዕድሜ ያንሳል፣ ሰሌዳው ላይ 3 ለግማሽ ሲካፈል ብሎ ጻፈ። «ስንት ነው?» አለ። ሁላችንም «ስድስት» አልን። «እንዴት አገኛችሁት?» «ገልብጠን አባዝተን።» «ለምን ይገለበጣል?» አለ።

ዝም።

አርባ ያህል መምህራን ነበርን። ቤቱ ውስጥ የነበረው የማስተማር ልምድ ቢደመር ብዙ መቶ ዓመት ይሆናል። የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኛ ደብተራችንን እናያለን። ልጁ አላሳፈረንም። «3 ሊትር ዘይት አለኝ፣ ግማሽ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ልቅዳው፤ ስንት ጠርሙስ ይሞላል?» አለ። ስድስት። በአንዱ ሊትር ውስጥ ሁለት ግማሽ ስላለ በሁለት ታባዛለህ፤ የተገለበጠው ለዚህ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «ገልብጠህ አባዛ» እያልኩ ስንቱን ልጅ እንዳሳለፍኩ አስብ ነበር ያን ሌሊት። ልጆቹ «ለምን?» ሳይሉኝ ቀርተው አይደለም። አንዳንዶቹ ብለውኛል። እኔ ነኝ «ሕጉ ነው» ብዬ ያስቀመጥኳቸው።

መስከረም ላይ ጀሪካንና የውሃ ፕላስቲክ ይዤ ክፍል ገባሁ።

ስለዚህ ባልደረባሽ ግማሹን እውነት ነግራሻለች። ደሞዝ ይጨመራል፣ አዎ፤ ይጨመር እንጂ! የመምህር ኑሮ ምን እንደሚመስል እኔና አንቺ እናውቀዋለን። እርከን ማግኘት የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ በዚህ ማንም አንገትሽን እንዲያስደፋሽ አትፍቀጂ። ግን «ምንም የለውም» ያለችው ላይ አልስማማም። ክረምቱ ባዶ የሚሆነው ባዶ አድርገው ለያዙት ነው። እንደዚያ የሚያልፉም አሉ፣ አልክድሽም። ሞጁሉን ሳይገልጡ፣ የአምናን ፈተና ከቀደሙት ተቀብለው ሸምድደው፣ መመረቂያ ጽሑፉን ኮምፒዩተር ቤት ከፍለው አሠርተው የሚወጡ። አንዱን በቅርብ አውቀው ነበር። ዲግሪውን ይዞ ተመለሰና መስከረም ላይ ያንኑ የድሮውን ማስታወሻ ሰሌዳ ላይ ገለበጠ። እባክሽ እንደዚያ እንዳትሆኚ። ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። የአንድ ሴሚስተር ኮርስ በጥቂት ሳምንት ይጨመቅና ዛሬ የተማርሽውን ሳታጣጥሚ ነገ ፈተና ይመጣል፤ ሁሉንም እኩል ልያዝ ካልሽ ሁሉም ያመልጥሻል። ምክሬ፣ ለክፍልሽ የሚሆንሽን አንድ ሁለት ኮርስ ምረጪና እነሱን እስከ አጥንታቸው ድረስ ያዣቸው። የቀረውን በማለፊያ ውጤት እለፊው።

ዶርሙን ደግሞ አትናቂው። መደበኞቹ ተማሪዎች አገራቸው ይገባሉ፣ አልጋቸው ላይ እናንተ ትገባላችሁ። አንዷ ከወራቤ፣ አንዷ ከሆሳዕና፣ አንዷ ከጉራጌ ገጠር ትመጣለች። ማታ ሽሮ በጋራ ተበልቶ ወሬው የት የሚሄድ ይመስልሻል? ልጅና ክፍል ነው። እኔ በነበርኩበት ዶርም ሰማንያ ልጅ በአንድ ክፍል የሚያስተምር አንድ ሰውዬ ነበር። መብራት በጠፋ ሌሊት፣ ሻማ አብርተን፣ ከኪሱ የለስላሳ ቆርኪ አውጥቶ አልጋው ላይ ዘረገፈው። ማባዛትን እንዴት በቆርኪ ድርድር እንደሚያሳይ አሳየን፤ ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን አሥር አሥር ቆርኪ ከሰፈር ለቅሞ እንዲመጣ እንዴት እንዳደረገ ነገረን። አንድ ብር አላወጣም። እኔ ያንን ዘዴ ጡረታ እስክወጣ ተጠቅሜበታለሁ። በየትኛውም ኮርስ ላይ አልነበረም። አንቺ የ11 ዓመት ልምድ ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ ከአንቺም የሚማሩ ሞልተዋል።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ይገባሻል መሰለኝ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የወጡትን ቁጥሮች ታውቂያቸዋለሽ። በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ከፍ እያለ ነው፣ ደግ ነው፤ ግን ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚሆነው አሁንም ይወድቃል። ሰው ይህን ሲሰማ ስለ 12ኛ ክፍል ነው የሚያወራው። እኔ ግን የሚታየኝ የአንቺ ክፍል ነው። ልጁ የወደቀው 12ኛ ላይ አይደለም፤ 5ኛ ክፍል ላይ ክፍልፋይ ሲያመልጠው፣ 7ኛ ላይ አልጀብራ የሚቆምበት መሬት ሲያጣ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በ2016 ክረምት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መምህራንን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ በሚያስተምሩት ትምህርትና በማስተማሪያ ዘዴ ያሠለጠነው መምህሩ ራሱ ካልበረታ ልጁ እንደማይበረታ ስለታየ ነው። አንድ መምህርት ስትማር ከዓመት ዓመት የሚመጡት ልጆች ሁሉ ይደርሳቸዋል።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፣ ታገሺኝ።

1,500 ብሩን አትክፈዪ። ቢያንስ ለዚያ አይነት ትምህርት አትክፈዪ። 43 ያመጣ ልጅ ችግሩ የ6ኛን መጽሐፍ አለማየቱ አይደለም። የ4ኛው ወይም የ5ኛው አንድ ቦታ ላይ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ሳይደፈን ላዩ ላይ 6ኛን ማፍሰስ ምን ይጠቅመዋል? ይባስ ብሎ፣ በክረምት መጽሐፉን በሩጫ ያየ ልጅ መስከረም ላይ «ይህን አውቀዋለሁ» ብሎ ጆሮውን ይዘጋል። ግን አያውቀውም። ይህን በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው፣ ደጋግሜ። ስድስተኛ ደግሞ ክልላዊ ፈተና ያለበት ክፍል ነውና ወላጅ ይደነግጣል፤ ይህን ድንጋጤ አይተው ነው ብዙዎቹ «ቀድመን እንጨርስላችኋለን» የሚሉት።

የግድ ክረምት ትምህርት ላስገባው ካልሽ ሄደሽ ጠይቂያቸው። ከመጀመራችሁ በፊት ምን እንደጎደለው ትፈትኑታላችሁ ወይ በያቸው። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ነው፣ የሚያስተምረውስ ማን ነው። «ሁሉም አንድ መጽሐፍ ነው የሚማሩት» ካሉሽ አመስግነሽ ውጪ።

ክረምት ላይ ልጆች ይረሳሉ የሚለው ወሬ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ ያየ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሥራ ነበር፤ በአማካይ ልጆች በረጅሙ ዕረፍት የአንድ ወር ትምህርት ያህል ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ ከንባብ ይልቅ ሒሳብ ይብስበታል ብሎ ነበር። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች መጠኑ ላይ ይከራከራሉ። ሒሳቡ ለምን እንደሚብስ ግን አንቺም ታውቂዋለሽ፦ ንባብ ከቤት አይጠፋም፣ የሱቅ ታፔላም ቢሆን ይነበባል፤ ክፍልፋይ ግን ማንም አይጠይቀውም። ባልቲሞር የሚባል ከተማ ውስጥ ደግሞ ልጆችን ለዓመታት የተከታተሉ ሰዎች ነገሩን በቧንቧ መስለውታል። ትምህርት ቤት ክፍት ሲሆን ቧንቧው ለሁሉም ይፈሳል። ሲዘጋ ግን የሀብታሙ ልጅ ቤት ውስጥ ሌላ ውሃ አለው፣ የድሃው የለውም። እኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ውሃ ስትጠፋ ሮቶ ያለው ቤትና የሌለው ቤት አንድ አይደሉም። የአንቺ ልጅ ሮቶ አለው። እናቱ ነሽ፣ አባቱም አለ።

ሌላም ልንገርሽ። እዚያው አሜሪካ በአምስት ከተሞች ነፃ የክረምት ትምህርት ተሰጥቶ ልጆቹን ሲከታተሏቸው፣ ይበልጥ የተጠቀሙት 20 ቀንና ከዚያ በላይ የተገኙት ነበሩ፣ በተለይ በሒሳብ። መመዝገቡ ብቻውን አልጠቀመም፤ ሳያቋርጡ መምጣት ነው። ለአንቺ ልጅም ልኬቱ ይኸው ነው። በቀን 40 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት። ከዚያ በላይ አታስጨንቂው። ኳሱን ይጫወት፣ ጭቃ ይራገጥ፣ እሸት ይጥበስ። ልጅ ነው።

ከመሄድሽ በፊት አንድ ቅዳሜ አብረሽው ተቀመጪና ቀዳዳውን ፈልጊ። መምህርት ነሽ፣ ይህን ከአንቺ በላይ ማንም አይችለውም። ግማሽ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ስንት ነው በይው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ብዙ ልጆች ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምረው «ሁለት አምስተኛ» ይላሉ። እንዲህ ካለሽ አትቆጪው። እንጀራ አምጪ። ግማሹን ቁረጪለት። ከሌላው እንጀራ ደግሞ ሲሶውን ቁረጪና ጨምሪበት። «ከግማሽ በለጠ ወይስ አነሰ?» በይው። በለጠ ይልሻል። «ሁለት አምስተኛስ ከግማሽ ይበልጣል?» በይው፣ እና ዝም በዪ። እስኪያስበው ዝም በዪ፤ መምህራን ያስቸገረን ይህቺ ዝምታ ናት። ሲሶ፣ ሩብ፣ እኩሌታ የሚሉትን ቃላት አያቶቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ ያውቋቸው ነበር። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ሲባል ሦስቱ ተደምረው አንድ ሙሉ መሬት እንደሚሆኑ ለገበሬው ማን አስተማረው? እናትሽን ጠይቂያት፣ የእኩል አራሽን ነገር ለልጁ እሷ ትንገረው።

ባለቤትሽ ጋ ደግሞ ሱቅ አለ። ሱቅ ያለው ቤት ውስጥ ልጅ ሒሳብ ሊወድቅ አይገባም ነበር! ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ሱቅ ይቀመጥ። ሩብ ኪሎ ስኳር ስንት ነው፣ ግማሽ ሊትር ዘይት ስንት ነው፣ የመቶ ብር መልስ ስንት ነው፤ በስልክ ሳይሆን በጭንቅላቱና በወረቀት። ማታ የዕለቱን ሽያጭ ደብተር ላይ እሱ ይደምር። ባለቤትሽ «ሂጂ» ያላለሽ ምናልባት የእሱ ድርሻ ምን እንደሆነ ስላልታየው ነው። ወንዶች ብዙ ጊዜ እንዲህ ነን፣ ሥራ ካልተሰጠን ዝም እንላለን። «ልሂድ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂው። «እኔ ይህን እማራለሁ፣ አንተ ልጁን በዚህ ሰዓት ሱቅ ታስቀምጠዋለህ፣ እማማ ታናሿን ትይዛለች» ብለሽ ከነዕቅዱ ንገሪው። አምስት ክረምት ረጅም ነው። ተሸሽጎ የሚያልፍ ነገር ስላልሆነ አሁኑኑ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ የኪስ ገንዘቡንም ጭምር።

አንድ ሌላ ነገር። ክረምት ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየሰፈራቸው ይገባሉ፣ በበጎ ፈቃድ በየትምህርት ቤቱ በነፃ የሚያስጠኑም አሉ። ርዕሰ መምህራችሁን ወይም ቀበሌውን ጠይቂ፣ አካባቢያችሁ ላይ ካለ ልጁን እዚያ አስመዝግቢው። ከሌለ ከጎረቤት አንድ ልጅ ፈልጊ፣ ከ1,500ው ሲሶውን ብትሰጪው በደስታ ያስጠናልሻል። ወጣት ሲያስጠና ልጆች ሌላ ዓይነት ይሰማሉ።

ይህ በክረምት ማስተማር ለእኔ የቆየ ነገር ነው፣ ስለ እናቴ ላውራሽ። በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። እናቴ ፊደል አታውቅም። ያስተማራት ከከተማ የመጣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ እኔ ኩራዝ እይዝላቸው ነበር። ጣቷ ሊጥ እንደነካ እርሳስ ጨብጣ «ዘ»ን ስትስል ዛሬም ይታየኛል፣ ስሟ በ«ዘ» ነበር የሚጀምረው። ዘመቻውን በቀጣዩ ዓመት ዩኔስኮን የሚያህል ድርጅት ሸልሞታል፤ ለእኔ ግን ዘመቻው ማለት ያቺ «ዘ» ናት። መስከረም ሲጠባ እናቴ ስሟን ጻፈች። ከዚያ በኋላ ጣቷን ቀለም ነክሮ የሚያስፈርማት ሰው አልነበረም። ያ ልጅ ምናልባት ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፣ እኔን መምህር ያደረገኝ ግን እሱ ነው፤ እና ክረምት ሲመጣ «ትምህርት ተዘጋ» ሲሉ ስሰማ ሁሌም ቅር ይለኛል።

ስትሄጂ ልጅሽ እናቱ ስትማር ይያት። ይህን ከምንም በላይ እፈልገዋለሁ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደውዪለት፣ ሰዓቱን አታዛንፊ። እሱ የሠራውን አንድ ጥያቄ ያንብብልሽ፣ አንቺም ያን ቀን የተማርሽውን አንድ ነገር ንገሪው፤ ያልገባሽ ነገር ካለ «ይኸ አልገባኝም፣ ነገ እጠይቃለሁ» በይው። ፈተና ስትፈተኚ ንገሪው። ዝቅ ያለ ውጤት ብታመጪም አትደብቂው። 43 ያመጣ ልጅ እናቱም እንደምትሳሳትና ደግማ እንደምትሠራው መስማት አለበት፤ በተለይ የሒሳብ መምህርቷ ልጅ። ደብዳቤሽ ላይ «የሒሳብ መምህርቷ ልጅ!» ብለሽ ስትጽፊ ሐፍረትሽ ተሰምቶኛል። እህቴ፣ ያንን ሐፍረት እሱም ተሸክሞት ይሆናል። አውርጂለት።

ሻንጣሽን ስትሸክፊ ወፍራም ሹራብ፣ ጃንጥላና የዝናብ ጫማ አትርሺ፣ ቆሎም ያዢ፤ ዶርም ውስጥ ቆሎ ያላት ሴት ወዳጅ አታጣም። የራስሽን የ5ኛ ክፍል መምሪያ መጽሐፍም ይዘሽ ሂጂ። ኮርሱ ላይ የተማርሽውን እየገለጥሽ «ይኸ ለየትኛው ምዕራፍ ይሆነኛል?» ብለሽ ዳር ዳሩ ላይ ጻፊበት።

ምዝገባው መቼ እንደሚዘጋ ደብዳቤሽ ላይ የለም። ነገ ጠዋት ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደርሰሽ ጠይቂ፣ የዲፕሎማሽን ኮፒም ይዘሽ ሂጂ።